አንድ ቃል የፈተነው የስልክ መዝገበ ቃላት

መዝገበ ቃላትን የሚገመግሙ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ስንት ሺህ ቃላት እንደያዘ፣ ያለ ኢንተርኔት መሥራት አለመሥራቱንና ማስታወቂያው ማስቸገር አለማስቸገሩን ይነግሩናል። ይህ ሁሉ መታወቁ ባይከፋም፣ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ፊቱ አስቀምጦ «ይህን በአማርኛ እንዴት ልበለው?» ብሎ ለሚጨነቅ ሰው እምብዛም አይረዳውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ቁም ነገሩ የቃላቱ ብዛት ሳይሆን መዝገቡ በእያንዳንዱ ቃል ላይ የደከመው ድካም ነው። ስለዚህ ላለፉት ሰባት ወራት ለትርጉም ሥራዬ በስልኬ ስጠቀምበት የቆየሁትን አንድ የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ለመገምገም ስነሳ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከማገላበጥ ይልቅ በአንድ ቃል ብቻ ልፈትነው ወሰንኩ። ቃሉ «ሄክቲክ» ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሩጫና ውክቢያ የበዛበትን፣ ለሰው ፋታ የማይሰጥን ጊዜ የሚገልጹበት ቅጽል።

ቃሉን የመረጥኩት ከባድ ስለሆነ ሳይሆን ቀላል ስለሚመስል ነው። ሰው ከባድ ቃል ሲገጥመው ይጠነቀቃል፤ ሁለት ሦስት ቦታ ያመሳክራል። የሚያውቀው የሚመስለው ቃል ሲገጥመው ግን ሳያመነታ ይጽፋል፤ የትርጉም ስሕተትም የሚበዛው እዚያ ላይ ነው። «ሄክቲክ» ደግሞ በሥራ ደብዳቤ፣ በይቅርታ መጠየቂያ መልእክትና በዕለት ተዕለት ወሬ ውስጥ ሳይጠሩት የሚመጣ ቃል በመሆኑ፣ አንድ መዝገበ ቃላት እሱን በአግባቡ ካልያዘ ብዙ ጊዜ ያሳስታል ማለት ነው።

ቃሉን ስፈልገው መዝገቡ ሦስት ፍቺዎችን በተርታ አቀረበልኝ። አንደኛው «ትኩሳታም፣ በሳንባ ነቀርሳ ትኩሳት የተያዘ»፣ ሁለተኛው «የቀላ፣ የጋለ»፣ ሦስተኛው «በጣም ሥራ የበዛበት» ይላል። ከሥራቸው አንድ የምሳሌ ዐረፍተ ነገር፣ ቀጥሎም የተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር ይገኛል። በመጀመሪያ እይታ ሰው የደከመበት ሥራ ይመስላል፤ ከፍቺዎቹም ውስጥ ሐሰት የሆነ የለም። ጉድለቱ ያለው በቅደም ተከተላቸው ላይ ነው። ዛሬ እንግሊዝኛ ከሚናገሩ ሰዎች መካከል ቃሉን ለትኩሳት የሚጠቀምበት ከጥቂት የሕክምና ጽሑፎችና ከቆዩ መጻሕፍት ውጭ ማግኘት ያስቸግራል፤ ሁሉም የሚጠቀሙበት ፍቺ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ተጥሏል። አዘጋጆቹ የፍቺዎቹን የዕድሜ ቅደም ተከተል እንደተከተሉ ግልጽ ነው፤ ታሪካዊ መዝገበ ቃላት እንዲህ ያደርጋሉ፣ ደግም ያደርጋሉ። በስልክ ላይ ለአንድ ደቂቃ ተከፍቶ የሚዘጋ መሣሪያ ግን የሚነበበው የመጀመሪያው መስመር ብቻ ነው። እኔ ራሴ በአንድ የቸኮልኩበት ቀን የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አይቼ «ትኩሳት የበዛበት ሳምንት» ብዬ ጽፌ፣ ጽሑፉን ያረመው ባልደረባዬ በዚያ ሳምንት ምን ዓይነት የፖለቲካ ውጥረት እንደነበረ ጠይቆኛል። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ በአማርኛ ትኩሳት ከሕመም ሲወጣ የሚሄደው ወደ ሥራ ብዛት ሳይሆን ወደ ውጥረትና ወደ ፍጥጫ ነውና።

መዝገቡ ያላደረገውና ሊያደርገው ይገባ የነበረው ነገር ሦስቱ ፍቺዎች እንዴት እንደተያያዙ በሁለት መስመር መናገር ነው። የቃሉ ምንጭ ግሪክኛ ነው፤ «ሄክቲኮስ» ማለት «የሰውነት ልማድ የሆነ» ማለት ሲሆን «ሄክሲስ» ከሚለው ስም፣ እሱም «መያዝ» ወይም «መኖር» የሚል ትርጉም ካለው ግስ የመጣ ነው። የጥንት ሐኪሞች መጥቶ የማይሄደውን፣ በሰውነት ውስጥ ቤቱን ሠርቶ የተቀመጠውን ትኩሳት በዚህ ስም ጠሩት። ከግሪክኛ ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ ጥንታዊው ፈረንሳይኛ ሲሻገር የፊቱን ድምፅና የመካከሉን ተነባቢ ጣለ፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዝኛ የተቀበለውም በዚሁ በተሸራረፈ መልኩ ነው። የጣለውን ያስመለሱለት ከዚያ በኋላ የላቲኑንና የግሪክኛውን አጻጻፍ ተከትለው ያቀኑት ሰዎች ናቸው። ሼክስፒር በ«ሐምሌት» ተውኔቱ ንጉሡ በወንድሙ ልጅ ምክንያት የገባበትን ጭንቀት ደም ውስጥ ከሚነድ እንዲህ ካለ ትኩሳት ጋር ያመሳሰለው ቃሉ ገና የሕመም ስም በነበረበት ዘመን ነው።

ሕመሙ በተለይ ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ተያይዞ ይታወቅ ነበር። ታማሚው ጠዋት ቀለል ሲለው ይውልና ወደ ማታ ትኩሳቱ ይነሣበታል፤ ሰውነቱ እየከሳ ሳለ ጉንጮቹ ይቀላሉ፣ ዓይኖቹ ያበራሉ፤ ሳያውቅ ያየው ሰው ጤንነት የሞላበት ሊመስለው ይችላል። ሮበርት ኮኽ የበሽታውን ባክቴሪያ ማግኘቱን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1882 ከማስታወቁ በፊት ብዙ ሰው በሽታውን የሚያውቀው በዚህ የላይ ምልክቱ ነበር። ቃሉ ከሕመም ወጥቶ ለሕይወት ውክቢያ ማገልገል የጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሲሆን፣ የቃላት ታሪክ አጥኚዎች የአዲሱን አገባብ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስረጃ እ.ኤ.አ. ከ1904 ይቆጥሩታል። በውስጡ ትኩሳት የነበረበት መሆኑ ከተረሳ ቆይቷል፤ ባሕርዩ ግን አልለቀቀውም። ይህ ቃል የሚገልጸው እንቅስቃሴ በመጠኑ ብዙ ብቻ ሳይሆን የሚያግል፣ የሚያቅበዘብዝና መልኩ ሲታይ የደመቀ ሆኖ ውስጡን የሚያደክም ነው። ከፈረንሳይኛው ዘር የተረፈው ቃል በበኩሉ ዛሬ በክሳት የተጎዳን፣ አጥንቱ የወጣን ሰው ይገልጻል። ከአንድ በሽታ ፈረንሳይኛ ክሳቱን፣ እንግሊዝኛ ትኩሳቱን ወረሱ ማለት ነው። እግረ መንገዴን፣ ቃሉን ከመቶ ቁጥር ጋር፣ ማለትም «ሄክታር» ከሚለው ጋር ዘመድ የሚያደርጉ አሉ፤ ያኛው ከሌላ የግሪክኛ ቃል የመጣ ስለሆነ ዝምድና የላቸውም።

ወደ ሦስተኛው ፍቺ እንመለስ። «በጣም ሥራ የበዛበት» የሚለው አገላለጽ አንድ ነገር ይዞ ሁለት ነገር ይጥላል። የያዘው የሥራውን ብዛት ነው። ከጣላቸው አንዱ ሥርዓት ማጣቱ ነው፤ ሥራ በዝቶበት በሰዓቱ እየጀመረ በሰዓቱ የሚጨርስ ሰው ቀኑ ሥራ የበዛበት ሆኖ ይውላል እንጂ «ሄክቲክ» አይባልም። ለዚህ ቃል አንዱ ሳያልቅ ሌላው መምጣት፣ የታሰበው ሳይያዝ ያልታሰበው መግባት አለበት። ሌላው የተጣለው ነገር የባለቤቱ ጉዳይ ሲሆን፣ ተማሪዎችን በተደጋጋሚ የሚያስቸግረው ይኸኛው ነው። በመደበኛው እንግሊዝኛ ይህ ቅጽል የሚገልጸው ጊዜን፣ ሁኔታን፣ ፕሮግራምን፣ የኑሮ ፍጥነትን ነው፤ ሰውን አይገልጽም። ቀን፣ ሳምንት፣ ጠዋት፣ የሥራ መርሐ ግብርና አኗኗር «ሄክቲክ» ይሆናሉ፤ ሰው ግን «ቢዚ» ነው።

እዚህ ላይ መዝገቡ ከባድ ስሕተት ሠርቷል። የሰጠው ብቸኛ ምሳሌ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ዛሬ በጣም ሥራ በዝቶብኛል» የሚል ሲሆን፣ እንግሊዝኛው ግን «አይ አም ሄክቲክ ቱዴይ» ይላል። እንግሊዝኛን አፉን የፈታበት ሰው እንዲህ ብሎ ሲናገር መስማት ብርቅ ነው። ስሕተቱ ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። አማርኛ ተናጋሪው «ቢዚ ነኝ» ማለትን ስለለመደ አዲሱን ቃል በዚያው ቦታ ይተካዋል፤ ይህ ለተማሪ ያስተዛዝናል፣ መዝገበ ቃላት ላይ ሲታተም ግን ስሕተቱ ማስረጃ ያገኛል። በነገራችን ላይ ጀርመንኛ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ሊያደናግረው ይችላል፤ በጀርመንኛ ይኸው ቃል ዘሩ ሳይለወጥ ሰውንም ይገልጻልና፣ አንድን ሰው እንዲህ አትዋከብ ማለት በዚሁ ቅጽል ይቻላል። በእንግሊዝኛ ግን ያንን ማለት የሚፈልግ ሰው ሌላ ቃል መፈለግ አለበት።

የተመሳሳይ ቃላት ዝርዝሩ አምስት ቃላትን በነጠላ ሰረዝ ለያይቶ ያስቀምጣል፤ «ቢዚ»፣ «ፍራንቲክ»፣ «ፍሬኔቲክ»፣ «ኬዮቲክ» እና «ፊቨሪሽ»። በመካከላቸው ስላለው ልዩነት አንድም ቃል አይናገርም፤ እንዲህ ያለ ዝርዝር ደግሞ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። ባለቤቱን ወስደን ብንጀምር እንኳ «ፍራንቲክ» ያለ ችግር ሰውን ይገልጻል፤ ልጁ የጠፋበት ወላጅ እንዲህ ይሆናል፤ በውስጡ ድንጋጤና ጭንቀት አለበት። «ፍሬኔቲክ» የፍጥነቱን ማበድ ያጎላል። ሁለቱም ከአንድ የግሪክኛ ዘር፣ የአእምሮ መቃወስን ከሚያመለክት የሕክምና ቃል የወጡ ናቸው። «ፊቨሪሽ» ትኩሳቱን በስሙ ይዞ እስከ ዛሬ አለ። እንግሊዝኛ ውክቢያን ለመግለጽ ያከማቻቸው ቃላት በብዛት ከታማሚ አልጋ ዙሪያ የተለቀሙ መሆናቸውን ሳስተውል የተገረምኩበት ቀን አለ። «ኬዮቲክ» ግን የቤተሰቡ አባል አይደለም፤ ከትርምስ ይነሣል እንጂ ከትኩሳት አይነሣም፤ ሥርዓት እስካጣ ድረስ ማንም የማይንቀሳቀስበትን የተዝረከረከ ክፍል እንኳ ሊገልጽ ይችላል። «ሄክቲክ» ግን ያለ እንቅስቃሴ አይሆንም፤ ማንም የሌለበት ክፍል ምን ቢዝረከረክ «ሄክቲክ» አይሆንም።

ስሜቱም ይለያል። «ሄክቲክ» ሁልጊዜ ማማረር አይደለም። ሰዎች «ቢያዋክበንም ደስ የሚል ነበር» ለማለት በቀላሉ ይጠቀሙበታል፤ ሥራቸው እንዲህ መሆኑን በኩራት የሚናገሩም አሉ። በደቡብ አፍሪካ እንግሊዝኛ ደግሞ ቃሉ ከጊዜ ጋር ያለውን ትስስር አላልቶ ከባድ፣ ኃይለኛ፣ ለማመን የሚያዳግት ለሆነ ነገር ሁሉ ያገለግላል፤ ብቻውን እንደ ቃለ አጋኖም ይሰማል። በአውስትራሊያ ወጣቶች ዘንድም ለአድናቆት ሲውል ይታያል። መዝገቡ ከእነዚህ አንዱንም አይጠቅስም። እኔ ግን ለዚህ አልወቅሰውም፤ ዋናውን ቤት በቅጡ ላልሠራ ሰው ስለ አጥሩ አይነሣበትም።

ለእኔ ትልቁ ጥያቄ በአማርኛው በኩል ያለው ነው። አማርኛ ለዚህ ነገር ቃል አጥቶ አያውቅም፤ እንዲያውም ተትረፍርፎለታል። «ጥድፊያ» የሚመጣው ቀነ ገደብ ሲቃረብ ነው፤ አቅጣጫ አለው፣ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። «ሩጫ» ሰፋ ይላል፤ የኑሮ ሩጫ ስንል የዓመታት ድካም እንጂ የአንድ ቀን አይደለም። «ግርግር» ሰው መብዛቱን፣ ድምፅ መበርከቱን ያሳያል፤ ብቻውን በክፍሉ ዘግቶ የሚሠራ ሰው ግርግር ውስጥ ነው አይባልም። «ትርምስ» ወደ መደባለቅ ያደላል። «ሽር ጉድ» ደስታ አለበት፤ እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ሽር ጉድ ይላል፤ እዳ የሚጠብቅ ሰው ግን አይልም። «ደፋ ቀና» ማለት ልፋትንና ትጋትን እንጂ መቅበዝበዝን አያሳይም። ከሁሉም የሚቀርበው «ወከባ» ነው፤ ሥርዓት ማጣቱም፣ ከውጭ የሚመጣ ግፊቱም፣ ልብ ማሳጣቱም በውስጡ አሉ። ይህ ቃል መዝገቡ ውስጥ በአንድም ቦታ ከ«ሄክቲክ» ጋር ተያይዞ አልተቀመጠም። የ«ወከባ»ን ገጽ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ በኩል ከፍቼ ስመለከት፣ ማስጨነቅንና ማስፈራራትን የሚያመለክቱ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ አገኘሁ። ያም ፍቺ እውነት ነው፤ ባለሥልጣን ዜጋን ሲያዋክብ የምንለው ነውና። ነገር ግን ሥራም ሰውን ያዋክባል፤ ይህኛው ፍቺ ሊቀር አይገባም ነበር።

ሆኖም «ወከባ»ን ማግኘት ብቻውን ጉዳዩን አይፈታውም። ይህንን የተረዳሁት ቃሉን ባገኘሁ ማግሥት «ሄክቲክ ዴይ» የሚለውን «ወከባ የበዛበት ቀን» ብዬ ተርጉሜ ደጋግሜ ሳነበው ነው። ስሕተት የለበትም፤ ግን ሰው እንዲህ አይናገርም። ወደ ቤቱ የገባ ሰው «ዛሬ ወከባ የበዛበት ቀን ነበረኝ» አይልም፤ «ስዋከብ ዋልኩ» ይላል። እንግሊዝኛው ቀንን እንደ ዕቃ አንሥቶ ቅጽል ያለብሰዋል፤ አማርኛው ቀኑን ግስ ውስጥ ያስገባዋል። «ዋልኩ» ባለ ጊዜ ቀኑ ተነግሯል፤ «ቀን» የሚለውን ስም መጨመር አያስፈልገውም። ሌሎቹ ጊዜያትም እንዲሁ ናቸው። ጠዋቱን ከሆነ «ስዋከብ አረፈድኩ»፣ ማታውን ከሆነ «ስዋከብ አመሸሁ»፣ ሌሊቱን ከሆነ «ስዋከብ አደርኩ» ይባላል፤ ጥቂት ቀናት ከሆኑ «ሰነበትኩ»፣ ወራት ካለፉ «ከረምኩ»፣ ዓመቱ ከዞረ «ስዋከብ ከረምኩ፣ ስዋከብ ባጀሁ» ማለት ይቻላል። እንግሊዝኛ በአንድ ቅጽልና በሰባት ስሞች የሚገልጸውን አማርኛ በአንድ ግስና በሰባት ረዳት ግሶች ይገልጸዋል። ይህንን የሚያውቅ መዝገበ ቃላት ከቅጽሉ ትይዩ ሌላ ቅጽል አስቀምጦ አያልፍም፤ «ከጊዜ ስም ጋር ሲገባ በአማርኛ እንዲህ ይባላል» ብሎ ያሳያል።

ሌላም መንገድ አለ። ሥራውን ባለቤት፣ ሰውየውን ተጠቂ አድርጎ መናገር ነው፤ «ሥራ ወጥሮ ያዘኝ»፣ «ፋታ ነሳኝ»፣ «መፈናፈኛ አሳጣኝ»፣ «ቀና ማለት እንኳ አልቻልኩም»። ከእነዚህ መካከል የመጀመሪያውን በተለይ እወደዋለሁ። የግሪክኛው ዘር «መያዝ» ነው ብዬ ነበር፤ ትኩሳቱ ሰውን ይዞ ስለማይለቅ። አማርኛም ሕመምንና ሥራን በዚያው ግስ ያስተናግዳቸዋል። ትኩሳት ያዘው እንላለን፤ ሥራ ያዘው እንላለን፤ ሰው ደውሎ ሲያጣን «ሥራ ይዞኝ ነው» ብለን እንመልሳለን። ሁለቱ ቋንቋዎች ከዚህ በፊት ተመካክረው አይደለም፤ ግን «ሄክቲክ» ከሐኪም ቤት ወጥቶ ወደ ሥራ ቦታ ለመሄድ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የፈጀበትን መንገድ አማርኛ በአንድ ግስ ሲመላለስበት ይኖራል። መዝገቡ ከሦስቱ ፍቺዎች አጠገብ ይህንን ቢያስቀምጥ፣ አንባቢው ትኩሳቱ ከሥራ ብዛት ጋር ምን አገናኘው ብሎ አይደናገርም ነበር።

ይህንን መጠየቅ ከስልክ መተግበሪያ ብዙ መጠበቅ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። እኔ አይመስለኝም። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ የእንግሊዝኛውን ቃል ብቻውን ከማስቀመጥ ይልቅ በዐረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ፣ ከትይዩው ያንኑ ሐሳብ በአማርኛ ዐረፍተ ነገር አድርጎ አቅርቦታል። ይህ በወረቀት፣ ቦታ በሚቆጠርበት ዘመን የተሠራ ነው። ቦታ የማይቸግረው የስልክ መዝገብ በአንድ ቃል ሥር አንድ፣ ያውም የተሳሳተ ምሳሌ ብቻ ማስቀመጡ ከቦታ እጥረት ሳይሆን ከትኩረት ማነስ የመጣ ነው ብዬ እፈርዳለሁ።

መተግበሪያው ከመዝገቡ ሌላ ሙሉ ዐረፍተ ነገር የሚተረጉም ክፍል አለው፤ እሱንም በዚሁ ቃል ፈተንኩት። «ሄክቲክ የሆነ ሳምንት አሳለፍን» ለማለት በእንግሊዝኛ የሚባለውን ባስገባ «ሥራ የበዛበት ሳምንት ነበረን» ብሎ መለሰልኝ። ለመግባባት ይበቃል። ሳምንት ግን በአማርኛ የሚኖረን ነገር አይደለም፤ እኛ ነን በሳምንቱ ውስጥ የምንሰነብተው። «ሳምንቱን ሙሉ ስንዋከብ ሰነበትን» ቢል ኖሮ መሣሪያ እንደተረጎመው አላውቅም ነበር። የዘመናዊ ሕይወትን «ሄክቲክ» ፍጥነት የሚያነሣውን የተለመደ ሐረግ «የዘመናዊ ሕይወት የተጨናነቀ ፍጥነት» አለው፤ የተጨናነቀ ነገር የሚታወቀው ባለመፍጠኑ ስለሆነ ቃሉና ስሙ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። «ፋታ የማይሰጠው የዘመኑ ሩጫ» ማለት ይበቃ ነበር።

በጣም ያሳቀኝ ግን ሦስተኛው ሙከራ ነው። ከአንድ የቆየ ልቦለድ ውስጥ የታመመች ሴትን ጉንጮች በዚህ ቅጽል የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር አስገባሁ፤ መሣሪያውም «ሥራ የበዛባቸው ጉንጮች» ብሎ ተረጎመው። እዚሁ መተግበሪያ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ጣት በማሳረፍ በሚደረስበት ገጽ ላይ፣ የሳንባ ነቀርሳ ትኩሳት በመጀመሪያው መስመር ተጽፏል። የአሁኑን ፍቺ የሚፈልግ ሰው የጥንቱን ያገኛል፤ የጥንቱን የሚፈልግ ሰው የአሁኑን ይሰጠዋል። ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ሰላምታ የማይለዋወጡ ጎረቤቶች ሆነዋል። ለተርጓሚ የምሰጠው ምክር አጭር ነው፤ ጽሑፉ እ.ኤ.አ. ከ1900 በፊት የተጻፈ ከሆነና ቃሉ ከጉንጭ፣ ከቅላት ወይም ከሳል አጠገብ ከቆመ ነገሩ ሕመም ነው፤ ከሳምንት ወይም ከመርሐ ግብር አጠገብ ከቆመ ወከባ ነው።

የቀረውን ቶሎ ልበል። የድምፅ ቅጂው ጥሩ ነው፤ ጫናው በመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ መዋሉ በግልጽ ይሰማል፣ የፊቱም «ሀ» አይዋጥም። ከቅጽሉ የሚወጣውን ተውሳከ ግስ ሳያሳይ ማለፉ ጉድለት ነው፣ ግን ብዙም የሚፈለግ አይደለም። ለማበላለጥ «ሞር» እንደሚቀድመው እንጂ ጫፉ ላይ ምዕላድ እንደማይቀጠልበት መጥቀሱን አደንቃለሁ። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ፍለጋው ፈጣን ነው፤ የግእዝ ፊደል ሞክሼዎችን ስለሚያውቅ «ሥራ» ብለው ቢጽፉም «ስራ» ብለው ቢጽፉም ያገኘዋል፤ ይህ ሌሎች ብዙ መሣሪያዎች የሚወድቁበት ፈተና ነው። ከአምስት ኮከብ ስንት ትሰጠዋለህ ብባል፣ ለቴክኒኩ አራት፣ ለቋንቋው ሁለት እሰጠዋለሁ። የማያውቀውን የእንግሊዝኛ ቃል ጥቅል ሐሳብ ለማግኘት ለሚያነብ ሰው ይጠቅማል። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ብቻውን አይበቃም፤ በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ተማሪ ደግሞ ምሳሌዎቹን እንዳያምን አስጠነቅቃለሁ።

ስለ ምሳሌው ስሕተት ለአዘጋጆቹ በመተግበሪያው የአስተያየት መስጫ በኩል ጽፌ ነበር። አስተያየቴ መድረሱንና በሥራ ብዛት ምክንያት ምላሹ ሊዘገይ እንደሚችል የሚገልጽ ወዲያው የሚመጣ መልእክት ደረሰኝ፤ እንግሊዝኛው ላይ የተጠቀሙበት ቃል «ቢዚ» ነበር፣ በትክክለኛው ቦታም ገብቷል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ታድሷል፤ ምሳሌው ግን እንዳለ ነው። እስከዚያው ድረስ በየቃሉ ሥር የግል ማስታወሻ መጻፊያ ቦታ ስላለው፣ በ«ሄክቲክ» ሥር «ጊዜን እንጂ ሰውን አይገልጽም፤ ስዋከብ አረፈድኩ፣ ዋልኩ፣ አመሸሁ፣ አደርኩ፣ ሰነበትኩ፣ ከረምኩ» ብዬ መዝግቤያለሁ። ቦታው ከተወሰነ የፊደል ቁጥር በላይ ስለማይቀበል «ከረምኩ» ላይ ቆረጠኝ፤ «ባጀሁ» አልገባልኝም።